ወደ ቦታ ሳይሆን ወደ ሰው እንላካቸው

ባለፈው ዓመት የ11ኛ ክፍል ተማሪዎቻችን ለሁለት ሳምንት ወደ ልዩ ልዩ የሥራ ቦታዎች ወጥተው እንደነበር ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ደብዳቤውን ጽፈን፣ ማኅተም አስመትተን፣ ልጆቹን እስከ መሥሪያ ቤቱ በር አድርሰን የተመለስነው እኛ የተግባር ትምህርቱን የምናስተባብር መምህራን ነን። ሁለቱ ሳምንታት ሲያልቁ እያንዳንዱ ተማሪ «ልምምዱን በሚገባ አጠናቋል» የሚል ወረቀት ይዞ መጣ። ወረቀቶቹን ቆጠርን፤ አንድም አልጎደለም። በወላጆች ስብሰባ ላይም ቁጥሩን በኩራት አነበብነው፤ ተጨበጨበልን።

ከልጆቹ ጋር ተቀምጠን «ምን ሠራችሁ?» ብለን የጠየቅነው ከጭብጨባው በኋላ ነው። አንዷ ልጅ አሥሩንም ቀን ሻይ ስታመላልስና ወረቀት ኮፒ ስታደርግ እንደቆየች ነገረችን። ሌላው ጋራዥ ውስጥ ጥግ ይዞ እንደቆመ፣ ከሦስተኛው ቀን ጀምሮም ስልኩን ሲነካካ እንደዋለ ሳይሸሽግ ተናገረ። «ምነው፣ አትጠይቅም ነበር?» ብንለው «ማንን?» አለን።

መልስ አልነበረንም። በጋራዡ ሰዎች ልንፈርድ አንችልም፤ ሥራ በዝቶባቸው ሳለ በራቸውን ከፍተው ልጃችንን አስገብተዋል። ጥፋቱ የእኛ ነው። ልጁን ወደ ጋራዥ ላክነው እንጂ ወደ ማንም ሰው አልላክነውም። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈን ያ «ማንን?» የሚል ጥያቄ ነው።

በዚያው ሁለት ሳምንት ውስጥ የሆነ ሌላ ነገርም አለ፤ እሱን ዘርዘር አድርገን እንናገር። አንድ ተማሪ የተመደበበት ድርጅት በመጨረሻው ሰዓት «አንቀበልም» አለ። ልጁ ያለ ቦታ ቀረ። እናቱ ተጨንቀው ለጎረቤታቸው ቢያዋዩ፣ ጎረቤታቸው ኤርኮንዲሽነር ጠጋኝ ናቸውና «ከእኔ ጋር ይዋል» አሉ። ጅቡቲ ውስጥ ግንቦት ከገባ በኋላ ኤርኮንዲሽነር ጠጋኝ ምን ያህል እንደሚፈለግ ለእናንተ አንነግራችሁም። እኛ ይህን ምደባ በመዝገባችን ላይ «ጊዜያዊ» ብለን ጻፍነው። ደብዳቤም አልጻፍንላቸው፤ ማኅተምም የላቸውም።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ልጁ ማጣሪያ ብቻ አጠበ። ጨው፣ አቧራና ቅባት የተጋገረበት ማጣሪያ በውኃ፣ በብሩሽ። በሦስተኛው ቀን አንድ ቤት ገብተው ማሽኑ አልቀዘቅዝ ብሎ አገኙት። ጋሼ (ልጁ የሚጠራቸው እንዲህ ነው) መፍቻቸውን ሳያወጡ «ጆሮህን ወደ ውጭኛው ማሽን አስጠጋና የምትሰማውን ንገረኝ» አሉት። ልጁ አዳመጠ። «እም... ይልና ቀጭ ብሎ ይቆማል» አለ። «እና ምን ሆኖ ይመስልሃል?» «ጋዝ አልቆበት ይሆናል።» ጅቡቲ ውስጥ ያልቀዘቀዘ ማሽን ሁሉ ጋዝ ያለቀበት ነው፤ የቤት ባለቤቱም፣ ጎረቤቱም፣ መንገደኛውም እንዲህ ነው የሚለው። ጋሼ አልተቃወሙትም። የግፊት መለኪያውን ሰጡትና «እየው» አሉ። እያዩት ገጠመው። መለኪያው ጋዙ መኖሩን አሳየ። «ታዲያስ?» አሉት። ልጁ ዝም አለ። እሳቸውም ዝም አሉ። በኋላ ሲነግረን ያ ዝምታ ከማንኛውም ፈተና እንደከበደው አጫወተን። መጨረሻ ላይ «ጋዙ ካለ፣ ሞተሩ ሊነሳ ሞክሮ ነው የሚያቅተው» አለ። የተበላሸው ሞተሩን የሚያስነሳው ካፓሲተር ነበር።

እዚህ ላይ የሆነውን ልብ በሉልን። ካፓሲተር መብራቱ ከጠፋ በኋላም ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል፤ ያላወቀ ሰው ቢነካው ይመታዋል። ጋሼ ቆጣሪውን አጥፍተው «ይህን የምሠራው እኔ ነኝ፤ አንተ ቆመህ ታያለህ» አሉት። ማጣሪያውን ብቻውን እንዲያጥብ ተዉት፤ መለኪያውን እያዩት አስገጠሙት፤ ካፓሲተሩን አላስነኩትም። አንድ መካሪ ባለሙያ የሚያደርገው ነገር ሁሉ በእነዚህ ሦስት ደረጃዎች ውስጥ አለ። የትኛው ሥራ ለልጁ እንደሚለቀቅ፣ የትኛው በቁጥጥር እንደሚሰጠው፣ የትኛው ደግሞ ገና እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። ይህን መጽሐፍ አይነግረንም፤ መጽሐፉ ልጁን አያውቀውምና። መሥሪያ ቤት የሚባለውም ቦታ አያውቀውም።

በሁለተኛው ሳምንት ልጁ የመዳብ ቱቦ ጫፍ አስፍቶ እንዲያያይዝ ተፈቀደለት። የመጀመሪያው ቱቦ ጫፉ ተሰንጥቆ ነበር፤ ጋሼ አይተውታል፤ ግን አልነገሩትም። ሳሙና አረፋ ሰጡትና «መገጣጠሚያውን ቀባ» አሉ። አረፋው ተንተከተከ። ልጁ ጥፋቱን በዓይኑ አየ፤ ቆርጦ እንደገና ሠራው። አንድ ክንድ የማትሞላ መዳብ ባከነች፤ ዋጋዋንም ከኪሳቸው የከፈሉት ጋሼ ናቸው። ሁላችንም በወረቀት ላይ «በማድረግ መማር» እያልን የምንጽፈው ነገር እንዲህ ያለ ወጪ አለው፤ የሚከፍለው ሰው ከሌለ ደግሞ አይኖርም።

«ሙያ ከጎረቤት ይቀዳል» ይላሉ አባቶቻችን። እኛ ይህን ተረት ለዓመታት በግድግዳ ላይ ለጥፈን፣ በተግባር ግን ከጎረቤት አልፈን ማኅተም ወዳለበት ስንሮጥ ነበር።

አንዳንዶቻችሁ «ልጁ ዕድለኛ ስለሆነ ነው፤ ሥራ ቦታ ከዋለ ዞሮ ዞሮ ይማራል» ትሉ ይሆናል። ይህ ሐሳብ ትክክል አለመሆኑን ለማየት ከዚህ ከተማ መውጣት አያስፈልግም። ከዶራሌ ወደብ ጭነት ይዘው ወደ ሀገር ቤት የሚወጡትን ከባድ መኪኖች አስቡ። ከየሹፌሩ አጠገብ ረዳት አለ። ረዳት ጭነት ያስራል፣ ጎማ ያወርዳል፣ ሌሊት ይጠብቃል፣ ዳገት ላይ ታኮ ይዞ ይሮጣል። ሁሉም ረዳት ሥራ ላይ ነው የሚውለው፤ ከእሱ በላይ በተግባር ውስጥ የሚኖር ሰው የለም። ሆኖም አንዱ ረዳት በጥቂት ዓመት ውስጥ መንጃ ፈቃድ አውጥቶ መሪ ይጨብጣል፤ ሌላው ፀጉሩ እስኪሸብት ታኮ ይዞ ይቀራል። ከወላጆቻችን መካከል ሹፌሮች አሉና ይህን ከእኛ ይልቅ እነሱ ያውቁታል። ስንጠይቃቸው ሁሉም የነገሩን አንድ ነገር ነው፦ «የእኔ ሹፌር ያስረዳኝ ነበር።» ማርሹን ለምን አሁን እንደቀነሰ፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ለምን እንደማይረገጥ እየተናገረ የሚነዳ ሹፌር ያጋጠመው ረዳት ተማረ። ዝም ብሎ የሚነዳ ሹፌር ያጋጠመው ግን ያው ረዳት ሆኖ ቀረ። ሥራው አንድ ነው፤ መንገዱም አንድ ነው።

ስለ መንገድ ካነሳን የባቡሩን ነገር ማለፍ አንችልም፤ የዚህ ማኅበረሰብ ታሪክ ከሐዲዱ ጋር የተያያዘ ነውና። አሮጌው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1897 ከጅቡቲ መዘርጋት ጀምሮ፣ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ድሬዳዋ ላይ የተከፈተው የባቡር ጋራዥ ለብዙ ቤተሰብ ትምህርት ቤት ሆነ። የሠለጠነ መካኒክ ከፈረንሳይ መጣ፤ ሠራተኛው ከአጠገቡ ቆሞ እጁን እያየ ተማረ፤ የተማረው ደግሞ ከእሱ በኋላ የመጣውን አስተማረ። መለዋወጫ ከውጭ መምጣቱ ሲቀር ዕቃውን ራሳቸው እያቀለጡና እየቀረጹ ያንን አሮጌ ባቡር ለዓመታት ያስኬዱት እነዚህ ሰዎች ናቸው። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡርም እ.ኤ.አ. በ2018 መደበኛ አገልግሎት ሲጀምር በቻይና ኩባንያዎች እጅ ነበር የሚተዳደረው፤ ርክክቡ የተደረገው ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። በእነዚያ ዓመታት ወጣት ኢትዮጵያውያንና ጅቡቲያውያን ከቻይናውያኑ ባለሙያዎች ጎን ሆነው ሥራውን ለመዱ። ባቡሩን ለማስረከብ የሐዲዱ ርዝመትና የጣቢያዎቹ ቁጥር ቢበቃ ኖሮ በአንድ ቀን ፊርማ ያልቅ ነበር።

ከሀገር ቤት ደግሞ የወይዘሮ ማሚቱ ጋሼን ሕይወት ተማሪዎቻችን ሁሉ ቢያውቁት እንወዳለን። ገና በወጣትነታቸው በምጥ ምክንያት ፊስቱላ ደርሶባቸው ወደ አዲስ አበባ ለሕክምና መጡ። ያከሟቸው እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ዶክተር ሬጂናልድ ሀምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ካትሪን ሀምሊን ናቸው። ወይዘሮ ማሚቱ ትምህርት ቤት ገብተው አያውቁም ነበር። ከዳኑ በኋላ እዚያው ቀሩ፤ አልጋ አነጠፉ፣ በሽተኛ አጽናኑ፣ ቆይተው ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ገብተው መሣሪያ አቀበሉ። ሐኪሞቹ የሚያዩትን እንዲያዩ አደረጓቸው፤ ደረጃ በደረጃ እጃቸውን አስገቧቸው። በመጨረሻ ራሳቸው ፊስቱላ የሚጠግኑ፣ ከተለያየ ሀገር ለመማር የሚመጡ ሐኪሞችንም የሚያሠለጥኑ ባለሙያ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ2018 ቢቢሲ በየዓመቱ በሚያወጣው የ100 ሴቶች ዝርዝር ውስጥ ስማቸው ተካቷል።

ይህን ስናነሳ «እንግዲያው ትምህርት ቤት ምን ያደርጋል?» የሚል ተማሪ እንደሚኖር እናውቃለን፤ በተለይ ከኋላ ወንበር። ልጄ፣ ወይዘሮ ማሚቱ የገጠማቸው ዓይነት መካሪ በሺህ አንድ ነው። ትምህርት ቤት የሚያስፈልገው ለቀሩት 999 ነው። ደግሞም የኤርኮንዲሽነሩ ልጅ «ጋዙ ካለ...» ብሎ ማሰብ የቻለው ስለ ግፊትና ስለ ሙቀት ፊዚክስ ክፍል ውስጥ ስለተማረ ነው። ይህን የነገሩን ጋሼ ራሳቸው ናቸው፦ «እኔ ሃያ ዓመት የፈጀብኝን እሱ ግማሹን ይዞት ነው የመጣው።»

የቤተ ክህነት ሊቃውንት ይህን ነገር ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። የቅኔ ተማሪ የመምህሩን ቅኔ ሸምድዶ አያበቃም፤ ራሱ ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርማል። ተማሪው ሲበዛ ደግሞ የበሰለው ተማሪ አስነጋሪ ሆኖ ታናሾቹን ይረዳል። ዛሬ አዲስ ግኝት አስመስለን የምናወራው ይህንኑ ነው።

በሀገራችን የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና 70 ከመቶው በተግባር፣ 30 ከመቶው በንድፈ ሐሳብ ይሁን የሚል መመሪያ አለ። መልካም ነው። ነገር ግን ይህ ቁጥር ሠልጣኙ የት እንደዋለ ነው የሚነግረን፤ ከአጠገቡ ማን እንደነበረ አይነግረንም። የእኛም የባለፈው ዓመት ሪፖርት በዚህ ሚዛን ቢመዘን መቶ ከመቶ ነበር።

ወላጆች በግልጽ የነገሩን ቅሬታ አለ፤ እሱንም ሳንሸፋፍን እናንሳው። አንድ አባት «እኔ በግሪስ ተጨማልቄ ያስተማርኩት ልጄ ግሪስ እንዳይነካው ነው» አሉን። ይህን በቀላሉ የሚያልፍ መምህር ካለ ልብ የለውም። በፀሐይና በጨው ውስጥ የሠራ ሰው ልጁን ቢሮ ውስጥ ማየት ቢመኝ ምን ይገርማል? እኛ የምንለው ግን ቢሮውም ያው ነው። ሐኪም የሚሆነው ልጅ በመጨረሻ ዓመቱ ኢንተርን ሆኖ ከነባር ሐኪም ኋላ ኋላ ሲሄድ ያድራል። የሒሳብ ባለሙያውም የመጀመሪያውን መዝገብ ሲዘጋ ከአጠገቡ የሚያርመው ሰው ከሌለ ስሕተቱን ለምዶት ይቀራል። እኛ መምህራንም እንዲሁ ነን። ከመካከላችን የማስተማር ዲፕሎማውን ይዞ የመጀመሪያ ክፍሉ ገብቶ፣ ሰሌዳውን ሞልቶ ሲዞር ተማሪው ሁሉ ሲንጫጫ ያላገኘ የለም። ያዳነን ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ክፍለ ጊዜውን የተከታተሉ፣ ከዚያም በእረፍት ሰዓት ሻይ ጋብዘው «ጥያቄውን ከጠየቅህ በኋላ አምስት ቁጠር» ያሉን አንጋፋ መምህር ናቸው። ይህን በኮሌጅ አልሰማነውም፤ ሰምተነውም ከሆነ አልገባንም።

ሁለተኛው ቅሬታ ፈተና ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና እየከበደ ባለበት ጊዜ ከሰዓት መውሰድ ትክክል ነወይ? በ2015 ዓ.ም. በሀገር ቤት ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.2 ያህሉ ብቻ መሆናቸውን ሁላችንም ሰምተናል፤ ደንግጠናልም። ይህን ቁጥር «ስለዚህ ሌላው ሁሉ ይቅርና ይጠና» ብለው የሚያነቡት አሉ። እኛ ደግሞ የቀሩት ልጆች በእጃቸው ምን ይዘው ይወጣሉ የሚለው ያስጨንቀናል። ሁለቱም ጭንቀት እውነት ነው። በሳምንት አንድ ከሰዓት ግን ፈተናን የሚገድል አይመስለንም። ስልክ ከዚያ ይልቅ ይወስዳል።

እኛን ራሳችንን የሚያስፈራን ሌላ ነው። «ሙያ ይማር» በሚል ስም ልጅን ያለ ክፍያ ማሠራት በአካባቢያችን እንግዳ ነገር አይደለም። ስለዚህ መካሪ የሚሆነውን ሰው ማወቅ፣ ሄደን ማየት፣ ልጁን ብቻውን መጠየቅ የእኛ ግዴታ ነው። አንድ ልጅ ለአንድ ወር ያንኑ ማጣሪያ ሲያጥብ ከቆየ እያስተማሩት አይደለም፤ እናወጣዋለን።

በእነዚህ ምክንያቶች የሁለት ሳምንቱ ፕሮግራም እንዲቀር ለትምህርት ቤቱ ቦርድ ጠይቀናል። በምትኩ ከመስከረም ጀምሮ በየሳምንቱ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ በረድ ሲል፣ አንድ ተማሪ ከአንድ ባለሙያ ጋር ዓመቱን ሙሉ እንዲቆይ ነው የምንፈልገው። ማኅተም ያለው ወረቀት አንጠይቅም። ተማሪው ደብተር ይይዛል፤ በደብተሩ ላይ የተሳሳተውንና እንዴት እንደታረመ ይጽፋል። ስሕተት ያልተጻፈበት ደብተር ካየን ልጁ ምንም አልተነካለትም ማለት ነው። መካሪው ደግሞ «ገና ነው» የማለት መብት አለው፤ ወላጅ መጥቶ «ለምን አልተፈቀደለትም?» ብሎ አይከራከረውም።

በመጀመሪያው ዓመት ከአሥራ ሁለት ተማሪ በላይ አንወስድም። በዚህ ጉዳይ ከመምህራን ክፍላችን ውስጥ እንኳ አልተስማማንም። ባልደረቦቻችን «ለአሥራ ሁለት ልጅ ጥሩ ነገር አድርጋችሁ የቀሩትን ልትተዉ ነው?» ይሉናል። ክርክሩ ተገቢ ነው፤ ለመቀበል ግን ተቸግረናል። ባለፈው ዓመት ሁሉንም እኩል ልከን ሁሉንም እኩል ደጅ ላይ አቆምናቸው። አሥራ ሁለት እውነተኛ መካሪ ካገኘን ለከርሞ ሃያ እንፈልጋለን።

ለእናንተ ለወላጆች የምናቀርበው ጥያቄ እዚህ ላይ ነው። ከመካከላችሁ ልብስ ሰፊ አለ፣ ሹፌር አለ፣ ዳቦ ጋጋሪ አለ፣ የጉምሩክ ሰነድ የሚያዘጋጅ አለ፣ ምግብ ቤት የምታስተዳድር እናት አለች። ብዙዎቻችሁ «እኔ አልተማርኩም፣ ምን አስተምራለሁ?» እንደምትሉ እናውቃለን፤ ኤርኮንዲሽነር ጠጋኙ ጋሼም መጀመሪያ እንዲሁ ነበር ያሉን። ሥራችሁን ስትሠሩ «አሁን ይህን ያደረግሁት ለዚህ ነው» ብላችሁ መናገር ከቻላችሁ፣ ልጁ ሲሳሳትም እጁን ከመምታት እጁን መያዝ ከመረጣችሁ፣ ይበቃል። የባከነውን ዕቃ ትምህርት ቤቱ እንዲተካ ጠይቀናል፤ መልሱን እየጠበቅን ነው።

ለእናንተ ለተማሪዎች ደግሞ፦ ምዝገባው በውጤት አይደለም። አንደኛ የወጣም፣ ከመጨረሻ ሁለተኛ የሆነም እኩል ይጠየቃል። ስትመዘገቡ የምንጠይቃችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከማን መማር እንደምትፈልጉ። «ጋራዥ» ወይም «ሆስፒታል» ብላችሁ ብትጽፉ ወረቀቱን እንመልስላችኋለን። ሰው ጻፉ።

ዝርዝሩ በጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ተለጥፏል። እስካሁን ሰባት ባለሙያዎች ስማቸውን አስገብተዋል፤ የመጀመሪያው ማን እንደሆኑ ትገምታላችሁ። አምስት ይቀሩናል። ሦስት ልጆች ነርስ ጠይቀዋል፤ ነርስ ግን እስካሁን አላገኘንም።